የሚያስል ሕፃን ሲመጣ፦ አሞክሲሲሊን ከመጻፋችሁ በፊት

በደብረ ብርሃንም ሆነ በመንዝ ብርዱ ሲጠና ጤና ጣቢያው በሚያስሉ ሕፃናት ይሞላል። አብዛኛው ጉንፋን ነው፤ ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ስለሆነ እንደ አሞክሲሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ አያሳጥረውም።

መጀመሪያ ትንፋሽ ቁጠሩ። ልጁ ረጋ ሲል ጋቢውንና ሹራቡን ገልጣችሁ፣ ደረቱን እያያችሁ፣ ሙሉ 1 ደቂቃ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል፤ የሕፃን ትንፋሽ ወጥ አይደለም። ሲያለቅስ የተቆጠረም አይታመንም። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ብላችሁ አንቲባዮቲኩን ስጡ፤ እዚህ ላይ መሰሰት አያስፈልግም። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ ያንቀጠቀጠው ወይም ራሱን የሳተ ግን ሳይዘገይ ሪፈር ይጻፍለት። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን በዚህ ሚዛን አይለካም።

ትንፋሹ ደህና ከሆነስ? አስቸጋሪው ይሄ ነው። ሰዓታት በእግር የመጣች እናት ባዶ እጇን መመለስ አትፈልግም፤ «ምንም የለውም» ማለት ደግሞ ወደ መድኃኒት ቤት ይሰዳታል። ይልቅ ያያችሁትን ንገሯት፦ «እናቱ፣ ትንፋሹን ቆጥሬዋለሁ፣ ደህና ነው። ሳሉ እስከ 2 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ጡት እምቢ ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይምጡ።» ቶሎ ቶሎ ታጥባው። 1 ዓመት ላለፈው ማር በሞቀ ውሃ ሳሉን ያለዝባል፤ ከዚያ በታች ላለ ማር ክልክል ነው፣ ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻን የሚያዝል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ከታላቁ ልጅ የተረፈ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ቤት እንዳለም ጠይቋት፤ ለዚህኛው እንዳትሰጠው።