ዊንዶውስና ሊኑክስ ፋይል አልጋራ ሲሉ ከየት እንጀምር?

የምሠራው ደብረ ማርቆስ፣ አንዲት ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ፕሪንተሩ የተሰካበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው። ሌላው አሮጌ ነው፤ ዊንዶውስ ሲከብደው ጊዜ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጫንኩበት። ሁለቱ በሳምባ (ሊኑክስ ከዊንዶውስ ጋር ፋይል እንዲጋራ በሚያደርገው ፕሮግራም) አንድ ፎልደር እንዲጋሩ ለማድረግ፣ ያውም የሰኔ ፈተና ወረቀት ተደራርቦ ሳለ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። እናንተ እንዲህ እንዳትለፉ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ሁለቱም አንድ ራውተር ላይ መሆናቸውን እዩ። የሊኑክሱን አይፒ አድራሻ (ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) አውጡና ከዊንዶውሱ ፒንግ አድርጉት፣ ማለትም መልስ ይሰጥ እንደሆነ በ"ping" ትእዛዝ ጥሩት። ዊንዶውስ "ኔትወርክ" በሚለው ቦታ ሊኑክሱን ባያሳያችሁ አትጨነቁ፣ ሳያሳይም ሊሠራ ይችላል። የፋይል ኤክስፕሎረሩ አድራሻ ሳጥን ላይ ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሰረዞችን (\\)፣ ቀጥሎ አይፒውን ጻፉና ኢንተር በሉ። እኔ ዛሬም የምገባው እንደዚህ ነው።

ፒንጉ መልስ እየሰጠ ፎልደሩ ካልመጣ፣ ሳምባ መነሳቱን አረጋግጡ። ተነስቶ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ፋየርዎሉ (ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያግደው ጠባቂ) ነው፤ ሊኑክሱ ላይ ሳምባ የሚገባበትን በር፣ ፖርት 445ን ክፈቱለት። "ቴስትፓርም" (testparm) የምትባለዋን ትእዛዝም ልመዷት። የሳምባ ማስተካከያ ፋይል ላይ የአንድ ቅንብር ስም በፊደል ብትስቱ ታወጣዋለች፤ እኔ ከሷ የሚበልጥ መሣሪያ አላየሁም።

አሁን ዋናው፣ የይለፍ ቃል። ዊንዶውሱ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል፣ የሊኑክሱን ታስገባላችሁ፣ "ትክክል አይደለም" ይላል። እኔ የሊኑክሱን ፓስወርድ አራት ጊዜ ቀየርኩት። አስተማሪው ፈተናውን ሊወስድ ደጃፉ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ። ለካ ሳምባ የራሱ መዝገብ አለው! ኮምፒውተሩን የምትከፍቱበትን ፓስወርድ አያየውም። "ኤስኤምቢ ፓስወርድ" (smbpasswd) በሚባለው ትእዛዝ ተጠቃሚውን ለብቻው ማስመዝገብና አዲስ ፓስወርድ መስጠት አለባችሁ። ያ ስም ደግሞ አስቀድሞ ሊኑክሱ ላይ ያለ መሆን አለበት።

ይህን አድርጋችሁም እምቢ ሊል ይችላል፤ ምክንያቱም ዊንዶውስ የቀድሞውን የተሳሳተ ፓስወርድ ይዞ ይቆያል። ዊንዶውስ ፓስወርዶችን በሚያስቀምጥበት "ክሬደንሺያል ማናጀር" ውስጥ ገብታችሁ የዚያን አይፒ መዝገብ አጥፉ፣ ከዊንዶውሱ ወጥታችሁም እንደገና ግቡ። በተቃራኒው ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ የምትገቡ ከሆነ፣ ዊንዶውሱ ላይ ዋይፋዩን "ፐብሊክ" ከሚለው ወደ "ፕራይቬት" ቀይሩት። ጠዋት ጠዋት የምትከፍቱበት ባለአራት አሃዝ ፒንም አይሠራም፤ የአካውንቱ ፓስወርድ ራሱ ነው የሚፈለገው።

ፎልደሩ ተከፍቶ ፋይል አላስቀምጥ ካለ ደግሞ በሩ ሁለት ስለሆነ ነው። ሳምባ ቢፈቅድም የሊኑክሱ ፎልደር ፈቃድ ካልሰጠ አይገባም። እኔ እዚህ ላይ ነው የከፋ ስህተት የሠራሁት። ድካም ሲበዛብኝ ፎልደሩን ያለ ፓስወርድ፣ ማንም እንዲጽፍና እንዲያጠፋ አድርጌ ለቀቅኩት። ሥራው ወዲያው ተቃና፣ ደስ አለኝ። በሳምንቱ የሚያግዘኝ ልጅ ቦታ ላስለቅቅ ብሎ ከዊንዶውሱ ሆኖ የፈተናውን ፎልደር አጠፋው። ሪሳይክል ቢን ውስጥ ፈለግን፣ የለም። በኔትወርክ የጠፋ ፋይል እዚያ አይገባም። የሁለት ክፍል ፈተና ከወረቀት ላይ እንደገና ተየብን፣ ሌሊቱ ነጋ። ስለዚህ ለሚሠራበት ሰው ብቻ ፈቃድ ስጡ። ሳምባ የጠፋውን የሚያቆይ "ሪሳይክል" የሚባል ተጨማሪ አለው፤ ፎልደሩን ለሌላ ሰው ከመክፈታችሁ በፊት እሱን አስገቡ።

"ኤስኤምቢ 1ን (አሮጌውን የፋይል መጋሪያ ስልት) አብሩት" የሚላችሁም አይጠፋም። አታብሩት። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተዛመተው በዚያው ቀዳዳ ነው። የዛሬው ሳምባም የዛሬው ዊንዶውስም ያለ እሱ ይግባባሉ።

ትናንት ሲሠራ ውሎ ዛሬ ከጠፋባችሁ መብራት ሄዶ እንደነበር አስታውሱ። ራውተሩ ሲነሳ ለሊኑክሱ ሌላ አይፒ ሰጥቶት ይሆናል። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ አይፒውን ለዚያ ኮምፒውተር አስይዙለት። እኔ ቁጥሩን በማርከር ጽፌ ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ ለጥፌዋለሁ።