ትሬይለራችሁን ለዊንተር ስታዘጋጁ የምትሳሳቷቸው ነገሮች፣ በተለይ ያቺ የቀረች አንድ ስኒ ውሃ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ኦሮራ ኮሎራዶ ነው ያለሁት፣ የካምፐር (በመኪና የሚጎተት የካምፒንግ ቤት) ጥገና ጋራዥ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ቅዳሜና እሁድ የሀበሻ ቤተሰቦችን ትሬይለር አያለሁ። ሰዋችን ትሬይለር መግዛት ጀምሯል፣ በጣም ደስ ይለኛል፣ ልጆች ተራራ ላይ ሲሮጡ ቡና ዛፍ ስር ሲፈላ እንደማየት ያለ ነገር የለም። ግን በየዓመቱ ሜይ ሲገባ ስልኬ ይጮሃል፣ የሚነግሩኝም አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ «ውሃ ስከፍት ከአልጋው ስር ይፈሳል፣ አምና ግን በደንብ አፍስሼው ነበር እኮ!» ይሄን «አፍስሼው ነበር» ዘንድሮ ብቻ አራት ጊዜ ሰማሁት፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው።

«ታንከሩን አፈሰስኩት፣ አለቀ»

አላለቀም። ታንከሩን ማፍሰስ ከሥራው ትንሹ ነው። ታንከሩ ሰፊ ፕላስቲክ ስለሆነ ታች ላይ ትንሽ ውሃ ቀርቶ በረዶ ቢሆን እንኳን መንፈራጠጫ ቦታ አለው። የሚሰብራችሁ ጠባብ ቦታ ላይ ተዘግቶ የቀረው ውሃ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 ፐርሰንት ያህል ያብጣል፣ መውጫ ካጣ ደግሞ ፕላስቲክ በሉት ናስ በሉት የያዘውን ነገር ይሰነጥቀዋል። እና ያ ውሃ ያለው እናንተ ያያችሁት ቦታ ላይ አይደለም፣ ያላያችሁት ቦታ ላይ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዋ ትሬይለሬ አሮጌ ነበረች፣ ታንከሩን አፈሰስኩ፣ ከስር ያሉትን ቀይና ሰማያዊ ማፍሰሻዎች ከፈትኩ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍቼ ጠብታ እስኪያልቅ ጠበቅኩ፣ ደስ ብሎኝ ዘጋሁ። ስፕሪንግ ላይ ፓምፑን ሳበራ ምንም የለም፣ ሁሉም ሰላም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አልጋው ጋ ስቆም ወለሉ ከእግሬ ስር ልስልስ አለብኝ። ፍራሹን አንስቼ የታችኛውን ሳንቃ ስከፍት ኮምፔርሳቶው አብጦ ንብርብሩ ተላቋል። ፓምፑ መግቢያ ላይ ቆሻሻ የምትይዝ ወንፊት ያላት ትንሽ ብርሃን አስተላላፊ ኩባያ አለች፣ የቡና ስኒ ብታክል ነው። ፈትቼ ወደ መስኮቱ ሳዞራት በጎኗ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ታየኝ፣ በጥፍሬ ስነካው ጠብታ ወጣ። አንድ ስኒ ውሃ! የወለሉን ጥገና ለመጨረስ ሙሉ ጁንን ፈጀሁ፣ ልጆቼም ያን ሰመር የትም አልሄዱም።

ስለዚህ ያቺን ስኒ በእጃችሁ ፈታችሁ ድፉት። እሷ ብቻ አይደለችም፦ የውጪው ሻወር (እጀታውና ጎማው ውስጥ ሁሌም ውሃ አለ)፣ ከውጪ የውሃ ጎማ የሚሰካበት ቦታ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትይዘው)፣ የሽንት ቤቱ ፔዳል ጀርባ ያለው ቫልቭ፣ የፍሳሽ ታንከሩን ከውስጥ የሚያጥበው መስመር ካላችሁ እሱ፣ የውጪ ኪችን ካላችሁ የእሱ ሲንክ፣ በረዶ የሚሠራ ፍሪጅ ከሆነ የእሱ ቀጭን ቱቦ። አዲስ የገዛችሁ ሰዎች፣ አንድ ቀን ከሰዓት ባትሪ ይዛችሁ በሆዳችሁ ተኝታችሁ ቱቦዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሏቸው፣ ያያችሁትንም ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱ። ከዚያ በኋላ ማንንም አትጠይቁም።

«ገና ሙቀት ነው»

2020 ላይ ዴንቨር ሴፕቴምበር 5 ቀን 101 ፋራናይት ነበር፣ ሴፕቴምበር 8 በረዶ ጣለ። በእኛ ቀን ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል ነው፣ አገር ቤት ልጆች በዝናብ ሲታጠቡ እዚህ መኪናችን ላይ በረዶ ተቆለለ። ሁሌ እንደዚያ አይደለም፣ ግን ኦክቶበር ከገባ ሌሊቱን አትመኑት፣ ተራራ ላይ የምታቆሙ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይመጣል። የእኔ ቀጠሮ መስቀል ነው። ደመራ ሳይለኮስ ትሬይለሬ ደርቆ ያድራል።

«አንቲፍሪዝ ያው አንቲፍሪዝ ነው»

ይሄ የሚያስፈራኝ ነው። አንቲፍሪዝ ማለት በብርድ በረዶ ሆኖ እንዳይሰነጥቅ በውሃ ፋንታ ቧንቧ ውስጥ የሚገባ ፈሳሽ ነው። ብዙዎቻችን ትራክ እንነዳለን፣ ጋራዣችን ውስጥ አረንጓዴ ወይ ቀይ የሞተር አንቲፍሪዝ አይጠፋም፣ እና ሰው ያለውን ይጠቀማል። አንድ የማከብራቸው ጋሼ ደውለው «ልጄ፣ ዘንድሮ እኔው ራሴ ጨረስኩት፣ አትድከም» አሉኝ፣ ደስ አለኝና በምን እንደሠሩት ስጠይቃቸው ከትራካቸው የተረፈ ሁለት ጋሎን አረንጓዴ በፓምፑ ስበው በየቧንቧው እንዳዞሩት ነገሩኝ። የምናገረው ጠፋኝ። ያ ቧንቧ የልጅ ልጆቻቸው ጥርስ የሚቦርሹበት ነው።

የሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል ነው፣ መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ደግሞ ይጣፍጣል፣ ለዚህ ነው ልጆችና ውሾች የሚጠጡት፣ ኩላሊት ይገድላል። ለትሬይለር የሚሸጠው ፒንኩ ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው፣ ለመጠጥ ውሃ መስመር ተብሎ የተሠራ ነው። ሲገዙት የጋሎኑን ጀርባ አንብቡ፣ ከፒንኮቹም ውስጥ አልኮል የተቀላቀለበት አለ፣ እሱ የጎማ ማሸጊያዎችን ያደርቃል፣ ንጹሁን ውሰዱ። የጋሼን ታንከርና ፓምፕ ቀየርን፣ ቱቦዎቹን ደጋግመን አጠብን፣ እንዲያም ሆኖ «ከዚህ ቧንቧ እጅ ታጠቡ እንጂ አትጠጡ» አልኳቸው። አንድ ሰው ከሞተሩ አንቲፍሪዝ ከቀመሰ ምልክት እስኪያሳይ አትጠብቁ፣ አሜሪካ ላላችሁ የመርዝ መረጃ መስመሩ 1-800-222-1222 ነው፣ ሌሊትም ያነሳሉ።

«ጋሎኑ ላይ -50 ይላል»

-50 የሚለው ቧንቧ የማይፈነዳበትን ነው እንጂ እስከዚያ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል ማለት አይደለም። ከዚያ በጣም ቀድሞ እንደ ገንፎ ይወፍራል፣ ይሄ ችግር የለውም። ችግሩ ቱቦው ውስጥ ከቀረ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ነው፣ ሲቀጥን አቅሙ ይወድቃል። ዲሴምበር 22 ቀን 2022 ዴንቨር -24 ፋራናይት ገብታለች፣ በዚያ ሌሊት ውሃ የበዛበት አንቲፍሪዝ ተስፋ አይጣልበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ቱቦዎቹን በኮምፕሬሰር አየር ንፏቸው፣ ከዚያ ፒንኩን አስገቡ፣ ከእያንዳንዱ ቧንቧ ሙቁም ቀዝቃዛውም ጥርት ያለ ፒንክ እስኪወጣ። ቀለሙ ፈዛዛ ከሆነ አልጨረሳችሁም።

በአየር ስትነፉ 40 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል፣ ከ50 አታሳልፉ። አንድ ወንድማችን የትራክ ጎማ በሚነፋበት ግፊት ለቀቀው፣ ግድግዳ ውስጥ ያለ መጋጠሚያ ተነቀለ። ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ቧንቧ ክፍት ይሁን፣ ከዚያ አንድ በአንድ።

ፒንኩን ታንከር ውስጥ አትድፉት፣ በከንቱ ነው። ፓምፑ ጋ የምትገጠም አጭር ቱቦ አለች፣ ቀጥታ ከጋሎኑ ትስባለች፣ ሁለት ሦስት ጋሎን ይበቃችኋል። የተረፈውን በሲንክና በሻወር ጉድጓድ አፍስሱ፣ ከስር የታጠፈው ቧንቧ ውስጥ የተኛ ውሃ አለ፣ እሱንም ይረሱታል።

ቦይለሩ

ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ትኩስ እያለ ወይ ግፊት እያለው የማፍሰሻ መዝጊያውን አትፍቱ፣ የፈላ ውሃ ፊታችሁ ላይ ነው የሚመጣው። አጥፉት፣ ይብረድ፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን ልቀቁ፣ ከዚያ ፍቱ። ሁለተኛ፣ ካፈሰሳችሁ በኋላ ባይፓስ አድርጉት፣ ማለትም ውሃው ቦይለሩ ውስጥ ሳይገባ እንዲያልፍ ቫልቮቹን አዙሩ፣ አለዚያ ስድስት ጋሎን አንቲፍሪዝ ይጠጣባችኋል። የቦይለሩ ብራንድ ሰበርባን ከሆነ መዝጊያው ረጅም ዘንግ ይዞ ይወጣል፣ ታንኩ እንዳይዝግ በእሱ ፋንታ የሚበላ ብረት ነው፣ ሦስት አራተኛው ካለቀ ቀይሩት። አትውድ ወይም ዶሜቲክ ከሆነ ፕላስቲክ መዝጊያ ነው ያለው፣ ዘንግ ጠፋብኝ ብላችሁ አትጨነቁ፣ ሲጀመርም የለውም።

ሦስተኛው ስፕሪንግ ላይ ነው የሚመጣው፦ ባዶ ቦይለር በኤሌክትሪክ ማብራት። ውስጡ ያለው ማሞቂያ ውሃ ከሌለ ወዲያው ይቃጠላል። ፎል ላይ ባዶ ስታደርጉት «ባዶ ነው» ብላችሁ ቴፕ ላይ ጻፉና ማብሪያው ላይ ለጥፉበት። ሰበርባን ላይ ማብሪያው ከውጪው በር ጀርባ ነው፣ ከስር ጥግ ላይ፣ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም።

ስፕሪንግ ላይ፦ በረኪና በዓይን ግምት

እኛ ወጥ በዓይን እንሠራለን፣ ይጣፍጣል። በረኪና ግን በዓይን አይሆንም። አንዷ እህታችን «ይጽዳ» ብላ ግማሽ ጋሎን ደፋችበት፣ ከዚያ አራት ጊዜ አጥባው እንኳን ጀበናው ውስጥ ያለው ቡና መዋኛ መዋኛ ይሸት ነበር፣ እንግዶቹ ስኒያቸውን ሳይጨርሱ አስቀመጡት። ሌላው ደግሞ ፈርቶ በማንኪያ ይጨምራል፣ ያ ደግሞ ምንም አይገድልም።

ልኩ ይሄ ነው፦ ለ15 ጋሎን ታንከር ሩብ ካፕ፣ ማለትም 60 ሚሊ ሊትር ያህል። 60 ጋሎን ከሆነ አንድ ካፕ። ቢያንስ 4 ሰዓት ይቆይ፣ ሌሊቱን ቢያድርም ጥሩ ነው። ሽታ የሌለው ተራ በረኪና ይሁን፣ ሎሚ ሎሚ የሚሸተውና እንዳይረጭ ተብሎ የወፈረው አይሆንም። ጓዳ ውስጥ ዓመት የተቀመጠውም አቅሙን አጥቷል፣ አዲስ ግዙ። በባልዲ ውሃ በጥብጣችሁ ነው የምትጨምሩት፣ ጥሬውን በጭራሽ። ኮምጣጤ ከእሱ ጋር እንዳይገናኝ፣ ጋዙ ሳንባ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ያቺ ስኒ ልመለስ፣ ምክንያቱም እዚህም ስህተቱ አንድ ነው። ሰው በረኪናውን ታንከር ውስጥ ጨምሮ 4 ሰዓት ይጠብቅና ያፈሰዋል። ቧንቧዎቹስ? ጀርሙ የሚቀመጠው እኮ ማንም በማይነካው ቱቦ ውስጥ ነው። ፓምፑን አብሩ፣ እያንዳንዱን ቧንቧ የበረኪና ሽታ እስኪመጣ ክፈቱ፣ ሙቁን፣ ቀዝቃዛውን፣ ሻወሩን፣ የውጪውን ሻወር፣ ሽንት ቤቱን። የሙቁ ውሃ የተበላሸ እንቁላል የሚሸታችሁ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ በረኪናው ቦይለሩ ውስጥ ስላልገባ ነው፣ ባይፓሱን ሳትመልሱ ነው ያጠባችሁት።

ቅደም ተከተሉም አለ። መጀመሪያ ፒንኩን በንጹህ ውሃ አጥባችሁ አስወጡ፣ አረፋ እስኪጠፋ፣ ከዚያ ባይፓሱን መልሱ፣ ከዚያ በረኪና። ባይፓሱን ቀድማችሁ ከመለሳችሁ ፒንኩ ቦይለር ውስጥ ይገባና ማጠቢያው አያልቅም።

የውሃ ፊልተሩን ከዚህ ሁሉ በፊት አውጡት፣ አዲሱን በመጨረሻ አስገቡ።

የመጠጥ ውሃ ጎማና የፍሳሽ ማጠቢያ ጎማ አንድ ሳጥን ውስጥ አይቀመጡም። ይሄን ማስረዳት የለብኝም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ

ጎማውን ከውጪ አትሰኩ፣ በፓምፑ ብቻ ሞክሩት። ቧንቧ ሁሉ ይዘጋ፣ ፓምፑን አብሩ፣ ግፊት ሲሞላ ራሱ ዝም ይላል። ሬዲዮውን አጥፉ፣ ልጆቹን ውጪ አጫውቱ፣ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ፓምፑ «ትርርር» ብሎ ከተነሳ የሆነ ቦታ እያንጠባጠበ ነው። ፓምፑን አጥፉና ባትሪ ይዛችሁ ከአልጋው ስር ግቡ፣ መጀመሪያ ያቺን ስኒ ከስሯ በጣታችሁ ዳብሷት፣ ከረጠበች መለዋወጫዋ ርካሽ ነው፣ ኮምፔርሳቶው ሳያብጥ ዛሬውኑ ቀይሯት።