ከሐዋሳ እንግሊዝ ለገባችሁ ነርሶችና ኬር ወርከሮች (ተንከባካቢዎች)

ባለፈው ለእረፍት ሐዋሳ ነበርኩ። አሞራ ገደል አሳ እየበላን የአክስቴ ልጅ፣ "እዚያ ስደርስ መጀመሪያ ምን ላድርግ?" አለችኝ። ነርስ ናት፤ በረራዋ ደርሷል። የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ኢቪዛችሁን (በኢንተርኔት የሚታየውን ቪዛ) ከፍታችሁ ስማችሁንና ቀኑን አረጋግጡ፣ ጂፒ (የሰፈር ሐኪም) ዘንድ ተመዝገቡ። የኬር ቪዛ (የጤናና የእንክብካቤ ሠራተኞች ቪዛ) የጤና ክፍያ የለበትም፤ አምጡ የሚላችሁን አትስሙ።

ነርሶች፣ ሐሳባችሁ ሁሉ ኦስኪ ላይ፣ ማለትም እዚህ በነርስነት ለመመዝገብ የሚወሰደው የተግባር ፈተና ላይ ይሁን። 10 ስቴሽን (የፈተና ጣቢያ) አለው። የኛን ልጆች የሚጥላቸው የእውቀት ማነስ አይደለም፣ ዝምታ ነው። አገር ቤት በሽተኛው ብዙ ነው፣ ጊዜ የለም፣ እጃችን ይቀድማል። እዚህ ግን ስማችሁን ትናገራላችሁ፣ ፈቃድ ትጠይቃላችሁ፣ የበሽተኛውን ስምና የትውልድ ቀን ከእጁ ማሰሪያ ጋር ታመሳክራላችሁ፣ አለርጂ ትጠይቃላችሁ። እጃችሁን ስትታጠቡ እንኳ "እጄን እየታጠብኩ ነው" በሉ። እኔ የቤት ጓደኛዬን ሶፋ ላይ አስተኝቼ ስንት ማታ ተለማምጃለሁ!

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። እኔ መጀመሪያ የገባሁት በኬር ወርከርነት ነው። ቤት ለቤት እየዞርኩ አዛውንት አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወጥቼ ማታ 3 ሰዓት እገባለሁ። የደሞዝ ወረቀቴ ላይ ግን የሰፈረው ሰው ቤት ውስጥ የቆየሁበት ደቂቃ ብቻ ነበር። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በዝናብ የሄድኩበት ጊዜ አልተቆጠረም። ስጠይቅ አለቃዬ፣ "ቪዛሽን እሰርዘዋለሁ" አለኝ። ዝም አልኩ። ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

እውነቱ እንዲህ ነው። ከደንበኛ ወደ ደንበኛ የምትሄዱበት ጊዜ በዝቅተኛው የደሞዝ ሕግ የሥራ ሰዓት ነው። አሠሪ ቪዛ አይሰርዝም። እሱ ከሥራ መውጣታችሁን ለሆም ኦፊስ (የቪዛ ጉዳይ ለሚይዘው መሥሪያ ቤት) ያሳውቃል፤ የሚወስነው ሆም ኦፊስ ነው። ቪዛው ቢያጥር እንኳ አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን ይሰጣችኋል፣ የሚቆጠረውም ከሆም ኦፊስ ደብዳቤ ነው፣ አለቃ ከጮኸበት ቀን አይደለም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፈቃድ ያለው ሌላ ስፖንሰር (ለቪዛ የሚያስፈርም አሠሪ) አግኝታችሁ አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ትችላላችሁ። አዲሱ ሥራ የሚጀመረው ግን ቪዛው ሲፈቀድ ነው። ሰዓታችሁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በደብተር ጻፉ፤ የገባችሁበትን፣ የወጣችሁበትን፣ መንገዱንም። በነጻ የሚያማክር ኤካስ የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፣ 0300 123 1100።

አገር ቤት ሆነው ለሚጠይቋችሁም እውነቱን ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 22 ቀን 2025 ወዲህ ከውጭ አገር አዲስ ኬር ወርከር ማስመጣት ተዘግቷል። ነርስ በራሷ ማመልከት ትችላለች፤ ኢትዮጵያ ግን የእንግሊዝ ቀጣሪዎች ሄደው ሠራተኛ እንዳይመለምሉባቸው ከተከለከሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ለነገሩ ቀጣሪ አገናኝ ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ መቀበልም አይፈቀድለትም። ሐዋሳ እያለሁ አንድ የሰፈር ልጅ "የኬር ቪዛ አለ" ላለው ደላላ ለመክፈል ባጃጁን ሊሸጥ ገዢ አስማምቶ አገኘሁት። ቀኑን በስልኬ አሳየሁት። ባጃጁን ይዞ ወደ ፒያሳ ተመለሰ።