ሥራ ያቆመ የኮምፒውተር ካሜራ፦ ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት

ካሜራው አልሠራ ያለ ላፕቶፕ ይዞ ወደ ጥገና ቤት የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚሰማው መፍትሔ «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደገና ይጫን የሚል ነው፤ አዳማም ከዚህ ልማድ ነፃ አይደለችም። ፎርማት ግን ለካሜራ ችግር የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ አማራጭ ሊሆን አይገባውም። ፋይሎችን ለአደጋ ያጋልጣል፣ ሥራ ያስተጓጉላል፣ በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ጭራሽ ችግሩን ያብሰዋል። ሞተ የተባለ ካሜራ በአብዛኛው የሚገኘው በሽፋን ተጋርዶ፣ በቁልፍ ጠፍቶ፣ ፈቃድ ተከልክሎ ወይም በሌላ ፕሮግራም ተይዞ ሲሆን፣ እነዚህን ሁሉ ባለቤቱ ራሱ ያለ አንዳች መፍቻ ሊያጣራቸው ይችላል። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ በዋናነት ዊንዶውስ 10ን እና ዊንዶውስ 11ን የሚመለከት ነው።

ችግሩ የካሜራው መሆኑን ይለዩ

በዙም ወይም በጉግል ሚት ሲነጋገሩ የራስዎን ምስል በስክሪኑ ጥግ ላይ ጥርት ብሎ እያዩት፣ ከወዲያ ያለው ሰው ግን «ምስልዎ ቆሟል» የሚልዎ ከሆነ፣ ካሜራው ሥራውን እየሠራ ነው፤ የደከመው ኢንተርኔቱ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠቅመው ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ መቀየር ወይም የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ ማድረግ እንጂ ካሜራውን መነካካት አይደለም። የራስዎም ምስል ጥቁር ከሆነ ግን ስብሰባውን ይዝጉና ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣውን «ካሜራ» የተባለ ፕሮግራም ከስታርት ሜኑ ፈልገው ይክፈቱ። ይህ ፕሮግራም ምስል ካሳየዎት ካሜራውም ድራይቨሩም (ዊንዶውስ ካሜራውን የሚያዝበት ፕሮግራም) ጤነኛ ናቸው፤ ችግሩ በዙም፣ በቴሌግራም ወይም በክሮም ውስጥ ነው ማለት ነው። ምስል ካላሳየና የስህተት ቁጥር ካመጣ ደግሞ የቁጥሩን መጨረሻ ልብ ይበሉ፤ በ4244 የሚያልቀው ዊንዶውስ ምንም ካሜራ እንዳላገኘ ሲናገር፣ በ4243 የሚያልቀው ካሜራውን ሌላ ፕሮግራም እንደያዘው ይናገራል። ሁለቱ መፍትሔያቸው የተለያየ በመሆኑ፣ ስልክዎን አውጥተው መልእክቱን ፎቶ ማንሳት በኋላ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

በዚሁ ጊዜ ከሌንሱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ መብራት ይመልከቱ። መብራቷ በርታ ምስሉ ግን ጥቁር ከሆነ፣ ካሜራው ነቅቷል፤ ነገር ግን ሌንሱ ላይ የተጋረደ ነገር ሳይኖር አይቀርም። መብራቷ ጨርሶ አልበራ ካለች ጥርጣሬው ወደ ማብሪያው፣ ወደ ፈቃዱ ወይም ወደ ድራይቨሩ ይዞራል።

ሽፋን፣ ማብሪያ እና ፈቃድ

ወደ አገራችን ያገለገሉ ሆነው ከሚገቡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ለቢሮ ሥራ የተሠሩ ሞዴሎች ሲሆኑ፣ ለምሳሌ በሌኖቮ ቲንክፓድ ዓይነቶች ላይ ከስክሪኑ በላይ በጥፍር የምትገፋ ቀጭን መዝጊያ ትገኛለች። በብዙዎቹ ላይ መዝጊያዋ ስትዘጋ በሌንሱ ቦታ ትንሽ ቀይ ነጥብ ትታያለች። ላፕቶፑን የገዛ ሰው ይህች መዝጊያ መኖሯን ሳያውቅ ካሜራው የተበላሸ ነው ብሎ ለወራት ሊቆይ ይችላል። በሌሎች ሞዴሎች ላይ ደግሞ መዝጊያው በኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ ላይ የተሰረዘ ካሜራ ሥዕል ያለበት ቁልፍ ነው፤ እሱን ብቻውን፣ እምቢ ካለም ከ«ኤፍኤን» ቁልፍ ጋር አብረው ይጫኑት። በላፕቶፑ ጎን ላይ ከዩኤስቢ ፖርቶቹ አጠገብ ተንሸራታች ማብሪያ ያላቸውም አሉ። በአንዳንዶቹ ላይ ይህ ማብሪያ ካሜራውን ሙሉ በሙሉ ስለሚያቋርጠው ዊንዶውስ «ካሜራ የለም» የሚለውን በ4244 የሚያልቅ መልእክት ያመጣል፤ ይህን መልእክት ያየ ሰው ወዲያው ወደ ፎርማት ያመራል እንጂ የማሽኑን ጎን አይመለከትም።

ካሜራ እንዳይሰልላቸው ፕላስተር የሚለጥፉ ሰዎችም ጥቂት አይደሉም። ፕላስተሩ ሲነሳ ሙጫው ሌንሱ ላይ ይቀራል፤ ምስሉም በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ነገር ይደበዝዛል። ይህን ለማጽዳት ለስላሳ ጨርቅ በጥቂት አልኮል ማርጠብ በቂ ነው፤ አልኮሉን በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ማፍሰስ ግን አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈቃድ ነው፤ በእኔ ግምት ከማንኛውም ምክንያት በላይ ሰውን የሚያደናግረው ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ፈቃዱ አንድ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ የተቀመጠ ነው። «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብተው በዊንዶውስ 11 «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»ን፣ በዊንዶውስ 10 ደግሞ «ፕራይቬሲ»ን ከከፈቱ በኋላ «ካሜራ» የሚለውን ይምረጡ። ከላይ ያለው ማብሪያ ለኮምፒውተሩ በጠቅላላ፣ ሁለተኛው ለፕሮግራሞች የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ወደ ታች ሲወርዱ ደግሞ ለዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ብቻ የተለየ ማብሪያ ያገኛሉ፤ ዙምም ክሮምም የሚገዙት በዚህ በሦስተኛው ስለሆነ፣ የላዮቹ ሁለቱ በርተው ይህኛው ጠፍቶ ከሆነ ካሜራው በራሱ በዊንዶውስ ፕሮግራም እየሠራ በስብሰባ ላይ ጥቁር ይሆናል። ማብሪያዎቹ ደብዝዘው አልንቀሳቀስ ካሉና ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ከሆነ፣ የከለከለው የመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ክፍል ስለሚሆን ጉዳዩ የሚያልቀው እዚያው ነው።

በክሮም የሚሰበሰቡ ከሆነ ከድረ ገጹ አድራሻ በስተግራ ያለውን ምልክት ተጭነው ለዚያ ገጽ ካሜራ መፈቀዱን ይመልከቱ፤ አንድ ቀን ተቻኩለው «ብሎክ» ያሉት ጥያቄ ዛሬም እንደታገደ ሊሆን ይችላል። በዙም ውስጥም በቪዲዮ ሴቲንጉ ላይ የተመረጠው የትኛው ካሜራ እንደሆነ መታየት አለበት፤ ቪዲዮ መቅጃ ፕሮግራሞች የሚጨምሩት ምናባዊ ካሜራ ተመርጦ ከሆነ እውነተኛው ካሜራ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። እንደ ካስፐርስኪና ኢሴት ያሉ ጸረ ቫይረሶችም ካሜራን የሚከላከል ክፍል ስላላቸው፣ ጸረ ቫይረስ ከጫኑ እሱንም ይፈትሹ።

በ4243 የሚያልቀው ቁጥር የመጣ እንደሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ካሜራውን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞችንና የክሮም ገጾችን በሙሉ ይዝጉና ኮምፒውተሩን «ሪስታርት» ያድርጉ። «ሻት ዳውን» አድርጎ እንደገና ማብራት ከዚህ ጋር እኩል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ቶሎ እንዲነሳ ሲባል ማሽኑ ሲጠፋ የዊንዶውስን እና የድራይቨሮችን ሁኔታ በከፊል አስቀምጦ ስለሚቆይ፣ የተጣበቀው ስህተት አብሮ ሊመለስ ይችላል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከሥሩ ያስጀምራል።

ዲቫይስ ማናጀር የሚናገረው

እስካሁን ካልተፈታ የስታርት ምልክቱን ራይት ክሊክ አድርገው የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚዘረዝረውን «ዲቫይስ ማናጀር»ን ይክፈቱና «ካሜራስ» ወይም «ኢሜጂንግ ዲቫይስስ» የሚለውን ዝርዝር ይዘርጉ። በካሜራው ስም ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ካለ ካሜራው እንዳይሠራ ተደርጓል፤ ራይት ክሊክ አድርገው «ኢኔብል ዲቫይስ» ማለት ይበቃል። ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ካለበት ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የድራይቨር ነው። ዊንዶውስ ራሱን አፕዴት ካደረገ በኋላ የጀመረ ከሆነ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ገብተው «ድራይቨር» በሚለው ክፍል «ሮል ባክ ድራይቨር»ን ይሞክሩ። ቁልፉ የማይጫን ከሆነ «አንኢንስቶል ዲቫይስ» አድርገው ማሽኑን ሪስታርት ሲያደርጉት ዊንዶውስ ካሜራውን እንደ አዲስ ያገኘዋል።

አብዛኞቹ ካሜራዎች ላፕቶፕ ውስጥ የተቀመጡትም ጭምር በዩኤስቢ የጋራ ደንብ ስለሚሠሩ የአምራቹን ድራይቨር የግድ አይፈልጉም። «አፕዴት ድራይቨር» ብለው ከኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው ዝርዝር ራስዎ ለመምረጥ ከወሰኑ በኋላ «ዩኤስቢ ቪዲዮ ዲቫይስ» የሚለውን ቢመርጡ፣ የአምራቹ ድራይቨር ያበላሸው ካሜራ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተሠሩ አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ግን ካሜራቸው ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኘው በዩኤስቢ አይደለም። እነዚህ የአምራቹን የተለየ ድራይቨር ካላገኙ ካሜራ እንዳላቸው እንኳ አያውቁም፤ በላያቸው ላይ ከፍላሽ አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን ካሜራው የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ የሆነበት ሰው የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥር ከሥሩ አንብቦ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ለዚያው ሞዴል የተዘጋጀውን ድራይቨር ማውረድ አለበት፤ ከሌላ ቦታ የሚገኙ «ሁሉንም ድራይቨር አዘጋጅ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አልመክርም።

በዝርዝሩ ውስጥ ካሜራ የሚባል ነገር ጨርሶ ከሌለ «ቪው» ከሚለው ሜኑ «ሾው ሂድን ዲቫይስስ»ን ይምረጡ። አሁን የካሜራው ስም ደብዝዞ ከታየ፣ ማሽኑ ካሜራውን ቀድሞ ያውቀዋል፤ አሁን ግን አልተገናኘም። ይህ ወይ ማብሪያው ጠፍቷል፣ ወይ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ተዘግቷል፣ ወይ ኬብሉ ተላቋል ማለት ነው።

በዩኤስቢ የሚሰካ ካሜራ

ለዴስክቶፕ የሚሰካ ካሜራ የራሱ ጣጣ አለው። አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በአቅራቢያዋ የተተከለላት ነፋሻ ከተማ ናት፤ ያው ነፋስ በበጋ ወራት የሚያመጣው አቧራ የፊት ለፊት ዩኤስቢ ፖርቶች ውስጥ ይገባል። ካሜራውን ከጀርባ፣ በቀጥታ ከማዘርቦርዱ (ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ከሚወጡት ፖርቶች በአንዱ ይሰኩት፤ ለብዙዎች ችግሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ፖርት የሚያበዛ ማከፋፈያ ከሆነ የሰኩበት፣ በተለይ ሃርድ ዲስክም አብሮ ከተሰካበት፣ ካሜራው በቂ ኤሌክትሪክ ላያገኝ ይችላል። የዩኤስቢ 2 ኬብል የሚፈቀድለት ርዝመት 5 ሜትር በመሆኑ ማራዘሚያ መቀጣጠልም ምስሉን ያቆራርጠዋል።

ካሜራው እየሠራ በምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ከሆነ ብልሽት አይደለም። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ በ50 ኸርዝ የሚሠራ ሲሆን የአሜሪካው 60 ኸርዝ ነው፤ ከዚያ የተላከ ካሜራ በ60 ተስተካክሎ ከመጣ ከክፍሉ አምፖል ጋር አይስማማም። በዊንዶውስ የካሜራ ፕሮግራም ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የብልጭታ መቀነሻ ወደ 50 መቀየር፣ ወይም በመስኮት ብርሃን መቀመጥ መፍትሔው ነው።

በማክ ኮምፒውተሮች ላይ የሚጫን ድራይቨር ስለሌለ ሥራው አጭር ነው፤ በ«ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ ለፕሮግራሙ የካሜራ ፈቃድ መስጠትና ሪስታርት ማድረግ ነው። አፕል በማክቡክ ካሜራ ላይ መሸፈኛ ለጥፎ ክዳኑን መዝጋት ስክሪኑን ሊሰነጥቅ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2020 ማስጠንቀቁንም ማወቅ ይጠቅማል።

ወደ ባለሙያ የሚያስኬደው

የሥራ ቃለ መጠይቁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ይተዉትና በዚያው የስብሰባ ሊንክ ከስልክዎ ይግቡ፤ ስልኩን በዓይንዎ ትይዩ መጻሕፍት ላይ ደግፈው ቢያቆሙት ከብዙ የላፕቶፕ ካሜራ የተሻለ ምስል ይሰጣል።

ክዳኑን በአንድ አቅጣጫ ሲያዘነብሉት ካሜራው የሚሠራ፣ ትንሽ ከፍ ሲያደርጉት ደግሞ የሚጠፋ ከሆነ፣ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ቀጭን ኬብል ተጎድቷል። ስክሪን ካስቀየሩ በኋላ የጀመረ ችግርም የካሜራው ሶኬት ሳይመለስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ክዳኑን መክፈት ስለሚጠይቁ ለባለሙያ ይተዋሉ፤ ባለሙያው ዘንድ ሲቀርቡም «ካሜራው አይሠራም» ከማለት ይልቅ ምልክቱን፣ የስህተት ቁጥሩን እና ዲቫይስ ማናጀር ያሳየዎትን ነግረው መጀመሪያ ኬብሉ እንዲታይ ይጠይቁ። የውስጡ ካሜራ ራሱ ተቃጥሎ ከተገኘ ክዳን ከማስከፈት በዩኤስቢ የሚሰካ ካሜራ መግዛት ይቀላል፤ ያን ጊዜ የተቃጠለው አሁንም በዲቫይስ ማናጀር ዝርዝር ውስጥ የሚታይ ከሆነ «ዲሴብል ዲቫይስ» ያድርጉት፤ አለዚያ ዙም በየስብሰባው እሱን እየመረጠ ጥቁር ምስል ያሳይዎታል።