ለስልክም ለኮምፒውተርም የሚመች ዌብሳይት እንዴት እንሥራ?

ደሴ ፒያሳ ላለ ሱቅ ወይም ኮምቦልቻ ላለ ጋራዥ ዌብሳይት የምትሠራ ከሆነ ከስልኩ ጀምር። ደንበኛው ታክሲ ውስጥ ተጣብቆ ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ ነው የሚከፍተው። መጀመሪያ 360 ፒክስል ስፋት ላይ አስተካክለው፤ ለኮምፒውተር ማስፋቱ ከዚያ በኋላ ይቀላል።

ገጹ በስልኩ ስፋት ልክ እንዲታይ የሚያዘውን አጭር የኮድ መስመር፣ የቪውፖርት ሜታ ታግን፣ እንዳትረሳ። እሱ ከሌለ ስልኩ ገጹን እንደ ኮምፒውተር ገጽ ቆጥሮ ያሳንሰዋል፣ ጽሑፉም ጉንዳን ያክላል። የሳጥኖችን ስፋት በፐርሰንት ስጥ፤ ምስሎችም ከያዛቸው ሳጥን እንዳይወጡ ማክስ ዊድዝ (የሚፈቀድላቸውን ትልቁን ስፋት) 100% አድርግላቸው።

አማርኛው ላይ ግን ረጋ በል። ፊደላችን ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በ16 ፒክስል ጀምርና የመስመሩን ቁመት የፊደሉ መጠን 1.7 እጥፍ አካባቢ አድርገው፣ ዓይን ያርፋል። ለእንግሊዝኛ የተሠራ በተን (የሚነካ ቁልፍ) ላይ «ወደ ቅርጫት ጨምር» ብለህ ስትጽፍ ጽሑፉ ይቆረጣል፣ ስለዚህ የበተኑን ስፋት አትወስን፣ ከጽሑፉ ጋር እንዲሰፋ ተወው፤ ቁመቱ ግን ከ48 ፒክስል አይነስ፣ አውራ ጣት በደንብ እንዲነካው።

ስልክ ቁጥሩን የቴል ሊንክ (የስልክ ቁጥር የያዘ ሊንክ) አድርገው፤ ሲነካ ቁጥሩ ተሞልቶ ለመደወል ይቀርባል። ለእኔ ለአንድ ሱቅ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም!

ለሰፊ ስክሪን በሚዲያ ኩዌሪ (እንደ ስክሪኑ ስፋት አቀማመጡን በሚቀይር ኮድ) ዕቃዎቹን ሦስት ሦስት አድርገህ ደርድር። ፎቶዎቹን ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፎርማት ቀይረህ አሳንስ፣ የሰው ዳታ አትጨርስ።

በኮምፒውተርህ ክሮም ላይ አይተህ ብቻ አትርካ። ዋይፋይ አጥፋና በአሮጌ ስልክ፣ ፀሐይ ላይ ቆመህ ክፈተው፤ ስልኩን አግድምም አዙረህ እይ።