የአዲስ አበባን ሙዚየሞች ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ብዙ ሰዎች ወደ ብሔራዊ ሙዚየም የገቡት በትምህርት ቤት ዘመናቸው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ተሰልፈው፣ መምህራቸው «ቶሎ በሉ» እያሉ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመለሱት ከውጭ እንግዳ ሲመጣባቸው ብቻ ነው። እኔም ከአሜሪካና ከእስራኤል የሚመጡ ዘመዶቼን ለዓመታት ሳስጎበኝ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ። ሁሉም የሚመነጩት ከአንድ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። በአዲስ አበባ አብዛኛው ሙዚየም የቆመው ታሪኩ በተፈጸመበት ስፍራ ላይ ወይም እዚያው አጠገብ ነው፤ ስለዚህ ዕቃውን ከቤቱ፣ ቤቱንም ከአደባባዩ ነጥሎ የሚያይ ጎብኚ ግማሹን ሳያይ ይመለሳል።

ሁሉንም በአንድ ቀን ለማዳረስ መሞከር

የተለመደው ዕቅድ ጠዋት እንጦጦ፣ ረፋድ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከዚያ ቅድስት ሥላሴ፣ ከምሳ በኋላ አንድነት ፓርክና የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ማምሻውን ደግሞ መርካቶ የሚል ነው። እንዲህ የዋለ ሰው ማታ ቤት ሲገባ የሚያስታውሰው የመኪናውን መጨናነቅ ነው። ቦታዎቹን በዝና ቅደም ተከተል ሳይሆን በሰፈር መመደብ ይሻላል። ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ በእግር ቢኬድ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሲሆን በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከዚያም ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምና ከበሩ ፊት ለፊት የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ይገኛሉ። ይህም ቢሆን ለአንድ ቀን ይበዛል፤ ሁለቱን ሙዚየሞች መርጦ ሌላውን በመንገድ ማየት ይበቃል።

ለፒያሳ ሌላ ቀን ይመድቡ። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልና በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው እርስ በርስ የሚተያዩ ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ወደ ዓድዋ መዝመቱን፣ ካቴድራሉም ለዚያ ድል መታሰቢያ መታነጹን፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የምኒልክን ሐውልት ነቅለው መቅበራቸውንና ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው መመለሱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው፣ ሦስቱን ቦታዎች እንደ አንድ ታሪክ ሦስት ምዕራፎች ያያቸዋል።

ድንቅነሽን አይቶ መውጣት

ይህን ስህተት ከሁሉም በላይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ጎብኚው ትኬት ይቆርጣል፣ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል፣ በመስታወት ውስጥ ያለችውን ድንቅነሽን ፎቶ ያነሣል፣ ከዚያም ይወጣል። ከእንግዶቼ አንዱ ለሕዝብ የሚታየው የቅሪቷ ቅጂ መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ጨለመ፤ የተታለለ መሰለው። ነገር ግን የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው አጥንት ዘወትር ለብርሃን፣ ለሙቀት ለውጥና ለንክኪ ሊጋለጥ አይችልም። ዋናው ለጥናትና ለጥበቃ ሲባል ተለይቶ ይቀመጣል፣ ለጎብኚ የሚቀርበው ከእሱ በጥንቃቄ የተቀዳው ነው። ይህን ቀድመው ለእንግዳዎ ይንገሩት።

የሚያስፈልገው ምን እንደሚያዩ ማወቅ ነው። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ስትገኝ፣ ከአንድ ግለሰብ አጽም 40 በመቶ የሚሆነው በአንድ ላይ መገኘቱ በዘመኑ ተሰምቶ የማይታወቅ ነበር። ቁመቷ ከአንድ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። የዳሌዋንና የጉልበቷን አጥንት ልብ ብለው ይመልከቱ፤ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደነበር ለሳይንቲስቶች የነገሯቸው እነዚህ ናቸው፤ አንጎሏ ግን ገና ትንሽ ነበር። ስለዚህ በሁለት እግር መሄድ የቀደመው ከትልቅ አንጎል በፊት ነው የሚለው ቁም ነገር ከፊትዎ ተዘርግቶ ይታያል። ከዚያ ወደ ሰላም ያምሩ። ሰላም በኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ላይ ያገኛት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ናት። ብዙ ሰዎች «የድንቅነሽ ልጅ» ይሏታል፤ ይሁን እንጂ ከድንቅነሽ በመቶ ሺህ ዓመት ገደማ ትቀድማለች። ከሁለቱም የምትቀድመው የሌላዋ የአፋር ቅሪት፣ የአርዲ ዕድሜ ደግሞ ወደ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ይደርሳል።

ከምድር ቤቱ ሲወጡ ያልጨረሱት ብዙ ነገር አለ። ከአክሱም ዘመን በፊት የነበረው ሥልጣኔ ምስክር የሆነው የሐውልቲ የድንጋይ ዙፋን፣ የነገሥታቱ ዘውዶችና አልባሳት፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዙፋን፣ ከፎቁም የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌን ሥራዎች ጨምሮ የሠዓሊዎቻችን ሥዕሎች ይጠብቁዎታል። ጊዜ ከጠበበብዎ ቢያንስ በሐውልቲው ዙፋን ፊት ትንሽ ይቁሙ፤ በጎኑ የተቀረጹት ምስሎች ከቀረበ ዓይን በቀር አይታዩም።

የገነተ ልዑልን ዕቃ አይቶ ቤቱን አለማየት

ስድስት ኪሎ ያለው የጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በእኔ ፍርድ ከከተማዋ ሙዚየሞች ሁሉ የላቀ ነው። ዕቃዎቹ የተደረደሩት እንደ ተለመደው በክልል ወይም በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው የሕይወት ጉዞ ነው፤ መወለድና ልጅነት፣ ጎልማሳነትና ሥራ፣ እምነት፣ በመጨረሻም ሞትና መቃብር። ስለዚህ ከመሀል የጀመረ ጎብኚ የተበታተነ ዕቃ ብቻ ይታየዋል። ከመጀመሪያው ክፍል ተነሥቶ በቅደም ተከተሉ የሄደ ሰው ግን የተለያዩ ሕዝቦች ልጅን እንዴት እንደሚቀበሉና ሙታናቸውን እንዴት እንደሚሸኙ ጎን ለጎን ያነባል።

ሕንጻው ራሱ ደግሞ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረው ገነተ ልዑል ነው። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ መነን መኝታ ክፍሎች እንዳሉ ተጠብቀዋል። ይህን አይቶ የሚወጣ ብዙ ነው፤ ቤቱ ያየውን ግን ጥቂቶች ይጠይቃሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ፣ ለድሆች ምጽዋት በሚታደልበት ሥነ ሥርዓት ላይ ነው። ቀጥሎ በነበሩት ሦስት ቀናት በከተማዋ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ፣ በኢትዮጵያ በኩል 30,000 ሰው እንዳለቀበት የሚነገረውን፣ የሚዘክረው ሐውልት ከበሩ ወጥተው መንገዱን ሲሻገሩ ያገኙታል። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላም፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ወንድማማቾቹ መንግሥቱ ንዋይና ገርማሜ ንዋይ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች በጥይት የተደበደቡት በዚህ ቤት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ከሕንጻው ፊት ለፊት ያለውን ወደ የትም የማያደርስ የደረጃ ሐውልትም አይለፉት። ጣሊያኖች ያቆሙት ሲሆን እያንዳንዱ እርከን ፋሺስቶች ሮም ላይ ሥልጣን ከያዙ ወዲህ ያለውን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያውያን አላፈረሱትም፤ ከጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አስቀመጡበት። ለእንግዶቼ ሳሳያቸው ከዚህ በላይ ያስቆማቸው ነገር የለም።

የዘመን አቆጣጠርንና ሰዓትን ማደናገር

በውጭ ያደጉ ልጆች በዚህ በኩል ብዙ ይቸገራሉ። በአንድ መግለጫ ላይ የዓድዋ ድል በአማርኛው 1888፣ በእንግሊዝኛው 1896 ተብሎ ሲያዩ ከሁለቱ አንዱ ስህተት ይመስላቸዋል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት መሆኑን በር ላይ ቆመው ይንገሯቸው። የድንቅነሽ 1967 በፈረንጆቹ 1974 የሆነው ግኝቱ በኅዳር ስለነበረ ነው፣ ዓድዋ ግን የካቲት ላይ ስለዋለ ስምንት ይደመርበታል። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ በስልክ «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» የተባለ እንግዳ ከቀትር በኋላ መጥቶ ጠዋቱ ባክኖ ያውቃል።

በቀይ ሽብር ሙዚየም እንደ መናፈሻ መመላለስ

መስቀል አደባባይ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከሌሎቹ ይለያል። እዚያ ያሉት ፎቶግራፎች፣ ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞችና አልባሳት የሩቅ ዘመን ቅርስ አይደሉም፤ እናቶቻቸውና እኅቶቻቸው ዛሬም በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው። ከጎብኚዎቹ መካከል የገዛ ወንድሙን ፎቶ ፈልጎ የመጣ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በአጽሞቹ ፊት የራስን ፎቶ ማንሣት፣ ጮክ ብሎ ማውራት፣ አስቀድሞ ሳይነግሩ ሕፃን ልጅ ይዞ መግባት ነውር ነው። ሌላው ስህተት አስጎብኚውን ትቶ ብቻን መዞር ነው። ከአስጎብኚዎቹ መካከል ራሳቸው በዚያ ዘመን ታስረው የተገረፉ አሉ፤ ከእነሱ አንደበት የሚሰማው በየትኛውም መግለጫ ላይ አልተጻፈም። ማስረዳት ሲጀምሩ አያቋርጧቸው፣ የፖለቲካ ክርክርም አይክፈቱባቸው። ከዚያ ሲወጡ ቀጥታ ወደ ሌላ ቦታ ከመሮጥ፣ እዚያው አቅራቢያ በራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል የቀድሞ መኖሪያ ውስጥ ያለውን የአዲስ አበባ ሙዚየም ቀስ ብሎ ማየት ይቻላል።

ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሙዚየም መግባት

ቅድስት ሥላሴና ቅዱስ ጊዮርጊስ ሙዚየም ቢኖራቸውም በመጀመሪያ የጸሎት ቤቶች ናቸው። ጫማ ይወልቃል፣ የወንድና የሴት መግቢያ ይለያል፣ ነጠላ ቢያዙ ይመረጣል። ብዙዎች የሚዘነጉት ሰዓቱን ነው፤ በጾም ወቅት በአዘቦት ቀናት ቅዳሴ የሚጀመረው ቀትር ገደማ ስለሆነ ከምሳ በኋላ ቤቱ ባዶ ይሆናል ብሎ መገመት አይገባም። የክብር በዓላቱን ይወቁ፤ ሥላሴ ጥር 7ና ሐምሌ 7፣ ጊዮርጊስ ሚያዝያ 23 ይነግሣሉ። በእነዚያ ቀናት ለማክበር እንጂ ለመጎብኘት አይሂዱ።

በሥላሴ ውስጥ የአፄ ኃይለ ሥላሴንና የእቴጌ መነንን የድንጋይ ሣጥኖች ያያሉ፤ የንጉሠ ነገሥቱ አጽም እዚያ ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ያለውን መካነ መቃብር ግን ሳያዩ አይውጡ። በፋሺስት ወረራ ዘመን ለኢትዮጵያ የተሟገተችው ሲልቪያ ፓንክረስት፣ የስድስት ኪሎውን የጥናት ተቋም በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የመሩት ልጇ ሪቻርድ ፓንክረስትም እዚያ አርፈዋል።

ጥቂት ትንንሽ ነገሮች

መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ሳይይዙ ወደ አንድነት ፓርክ አይነሡ፤ ቦታው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ በመሆኑ ፍተሻ አለ። በመንገድዎ ላይ የቤተ መንግሥት በርና ጥበቃዎችን ፎቶ አያንሡ። ከቆላ አገር የመጣን እንግዳ በመጀመሪያው ቀን እንጦጦ አያውጡት፤ ከተማው ራሱ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሁለት ቀን ቢያርፍ ይሻለዋል። በክረምት የእግር ጉዞውን ጠዋት ያድርጉ፣ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነውና።

ልጆችን በተመለከተ ትልቁ ስህተት «አትንካ» እያሉ ማለፍ ነው። እኔ አሁን ወደ ገነተ ልዑል ሳስገባቸው አንድ ሥራ እሰጣቸዋለሁ፤ በአያታቸው ቤት ያለ፣ ወይም አያታቸው ስትጠራው የሰሙትን አንድ ዕቃ እንዲያገኙ። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ቅል አጠገብ ቆማ «ይኼ እኮ እማማ እርጎ የምትንጥበት ነው» ብላ ስትጮህ፣ አብረዋት የነበሩት ሌሎቹ ልጆች ወደ መስታወቱ ተጠጉ፤ ከዚያ ክፍል ለመውጣት አንድ ሰዓት ፈጀብን።