የቃር ሽሮፑን ከእራት በኋላ ጠጡት

ጅማ ላይ ሆኖ ቡና እምቢ ማለት ከባድ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቼ ማታ ቃሩ ሲነሳብኝ አልጂኔት ያለበት ሽሮፕ ገዛሁ። ከእራት በፊት እየጠጣሁ «ምንም አይሠራም» ስል ከረምኩ። ጥፋቱ የራሴ ነበር።

አልጂኔት ከቡናማ የባሕር አረም የሚወጣ ዝልግልግ ነገር ነው። ውሃ ውስጥ ያደረ ተልባን አስቡት። የጨጓራ አሲድ ሲነካው ይረጋል፤ ሽሮፑ ውስጥ ያለው ሶዳ ደግሞ አረፋ ይሞላውና ምግቡ ላይ ያንሳፍፈዋል። አሲዱ ወደ ላይ እንዳይመጣ ክዳን ሆነ ማለት ነው። ባዶ ሆድ ላይ ግን ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ ከምግብ በኋላና ልትተኙ ስትሉ ጠጡት። ወዲያው ውሃ አትከልብሱበት። ጠርሙሱንም ነቅንቁት፣ ታች ይዘቅጣል።

ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ በ2 ሰዓት አራርቁት። ሶዲየም ስላለው ደም ግፊት ያለባችሁ መጀመሪያ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

«ብግነት ያጠፋል» እየተባለ የሚሸጠው የባሕር አረም ካፕሱል ሌላ ጉዳይ ነው። አረሙ ውስጥ ያለው ፉኮይዳን የሚባል ንጥረ ነገር ላይ ተስፋ ሰጪ ውጤት የታየው በአብዛኛው በላብራቶሪና በእንስሳት ላይ ነው። አዮዲኑም ሊበዛ ስለሚችል እንቅርት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንካው።